ለፊልም የታሰረው ዘንባባ

አሳባ ከተማ ውስጥ ፊልም የሚሠራ ሰው የጣዖት ቤት ሲያስፈልገው የሚደውለው ለኡዴመዙዌ ነው። ስሙ ስለሚረዝም ሁላችንም ኡዴ እንለዋለን። እኔ የመብራትና የጄኔሬተር ሠራተኛ ነኝ። ከእሱ ጋር በአንድ ፒካፕ ብዙ መንገድ ስለሄድኩ የማወራው አብዛኛውን ያየሁትን ነው።

ኡዴ አናጢ ነው። ሙያውን የተማረው ከከተማችን ወንዝ ማዶ፣ ኦኒቻ ውስጥ፣ ለካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት መንበርና የኑዛዜ ሣጥን ከሚሠራ ሽማግሌ ዘንድ ነው። የፊልም ሥራ ሲመጣ ያንኑ እጁን ይዞ ገባበት። አንድ ቀን፣ “መንበር ስትሠራ ኖረህ ጣዖት መሥራት አይከብድህም?” ብዬ ብጠይቀው፣ “ሁለቱም ውሃ ልክ ይፈልጋሉ” አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የኮምፔንሳቶ ሣጥን ይመታል፤ በላዩ የዶሮ ሽቦ ይወጥራል። ጆንያ በስሚንቶ ውሃ ነክሮ ያለብሰዋል። ሲደርቅ ቀይ አፈር ከኮላ ጋር ለውሶ ይለቀልቀዋል፤ ኮላ የሌለው ጭቃ በእኔ መብራት ሙቀት ይሰነጠቃል። ደሙ የፈላ ከርከዴ በስታርች ወፈር ተደርጎ ነው። የእውነት ደም ቶሎ ይጠቁራል፣ ዝንብ ይጠራል፣ ዝንብ ደግሞ ድምፅ ቀራጩን ያሳብደዋል። የፍየል ራስ ቅል ከሥጋ ሻጮች ያመጣና በልብስ ሳሙና ይቀቅለዋል። ነጩ ኖራ ግን የእውነት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ሥራው ሲያልቅ የጣዖቱን ቤት በየማዕዘኑ ይዘን ፒካፑ ላይ እንጭነዋለን። የኡዴ ሕግ ይህ ነበር፤ በመኪና የመጣ በመኪና ይሄዳል፤ በሰው መሬት ላይ ምንም አይቀርም።

የዘንባባ ለጋ ግን አይጠቀምም። ቅጠሉ ገና ሳይፈታ፣ ቢጫ ሳለ የሚቆረጠውን ማለቴ ነው። እኛ አገር እሱ መንገድ ላይ ወይም እርሻ በር ላይ ከታሰረ ነገሩ ተይዟል ማለት ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ማንም አይገባም፣ ማንም አይነካም። ፖሊስ የለጠፈውን ወረቀት የሚቀድ ሰው ዘንባባውን አልፎ አይሄድም። ኡዴ የደረቀ ቅጠል በቢጫ ቀለም ይቀባና ይሰቅላል። ለምን ብትሉት፣ “ለጋው በማግስቱ ይጠወልጋል፤ የትናንቱና የዛሬው ቀረጻ አይገጥምም” ይላል። የሙያ ምክንያት ነው፤ እኔም ሌላ ምክንያት ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኦቢዜ የሚባለው ዳይሬክተር ከሌጎስ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ኦቢዜ ወጣት ነው፣ ፈጣን ነው፣ ፊልሙን ሰው በስልኩ እያየ ከሥር የሚጽፍለትን አንድ በአንድ ያነባል። ባለፈው ፊልሙ ላይ አንዱ ተመልካች፣ “ይሄ የጣዖት ቤት ነው ወይስ የዶሮ ቤት?” ብሎ ጽፎ ነበርና ያ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። የኡዴን ኮምፔንሳቶ ገና ከፒካፑ ሲወርድ አየና፣

“ኦጋ ኡዴ፣ በእግዜር፣ ይሄን መልሰው” አለ፤ ኦጋ በእኛ ዘንድ አለቃ፣ ጌታዬ ማለት ነው። “ከመሬት የበቀለ ነገር ነው የምፈልገው። ጭቃውን እዚያው አቡካው። አውራ ዶሮውም የእውነት ይታረድ። ሰው አይቶ ስልኩን እንዲጥል ነው የምፈልገው።”

“ስልኩን ከጣለ ፊልምህን በምን ያየዋል?” አለ ኡዴ።

ሁላችንም ሳቅን። ኦቢዜም ሳቀ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም።

ቦታው ከአሳባ ወጣ ብላ ያለች ኦግቤ ንታ የምትባል መንደር ነው። እርሻው የኢሲዮማ ነው። ኢሲዮማ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ፣ ወንድ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ወንድ ልጅ የሌላት መበለት በባሏ መንደር የምትቆመው መሬቱን እያረሰች እስካለች ድረስ ነው። አንድ ዓመት ጦም ካደረ የባል ወንድም “ባዶ ነው” ይላል። የባሏ ወንድም ንዱካ ይህን ለማለት ከቀብሩ ጀምሮ አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ፣ “የአባቴ መሬት ነው” ብሏል። ሁለቱንም ጊዜ፣ “ሴትዮዋ እያረሰችው ነው፣ ተዋት” ብለው መልሰውታል።

ዘንድሮ ግን ጥሻ ውጦት ነበር። ለመመንጠር ጉልበት ያላቸው ሰዎች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ከእኛ ጋር የተዋዋለችው በጉልበት ነው፤ እኛ ቦታውን መንጥረን ፊልማችንን እንሠራለን፣ ዝናቡ ሳይጀምር አጽድተን እናስረክባታለን፣ እሷ ካሳቫዋን ትተክላለች። ብልህ ውል ነበር። እኔም ብሆን ያንኑ እዋዋል ነበር።

መነጠርን። ኡዴ ጭቃውን እዚያው አቡክቶ የጣዖቱን ቤት አንዱን ትልቅ ዛፍ አስደግፎ አቆመው። እውነቱን ለመናገር ያን የመሰለ ሠርቶ አያውቅም። ጠንቋዩን የሚጫወተው ቦኒፌስ ፊቱን ኖራ ተቀብቶ፣ ላባውን ሰክቶ፣ በአንድ እጁ የራስ ቅል፣ በሌላው ዳቦ በአካራ፣ ማለትም በተጠበሰ የባቄላ ሊጥ፣ ይዞ ሲያየው ማላመጡን አቆመ።

“ኡዴ፣ ይሄ ነገር ያየኛል” አለ።

“አካራህን አይቶ ነው። ቁረስለት።”

ቦኒፌስ በሥራው የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ በቤቱ አይጥ የሚፈራ ሰው ነው። ድምፁ ግን የሚያስፈራ ነው፤ ለዚያ ነው የሚጠሩት።

ነገሩ የተበላሸው በመጨረሻው ቀን ነው። ጠንቋዩ የጠላቱን እርሻ የሚዘጋበት ቀረጻ ነበር፤ በእርሻው በር ሁለት እንጨት ተክሎ ዘንባባ ያስራል፣ ይራገማል። ኦቢዜ ለጋ ዘንባባ ከዛፉ አስቆርጦ መጣ። እንጨቶቹም የተጠረበ ሳንቃ እንዳይሆኑ ብሎ ከአንድ ሰው አጥር እርጥብ እንጨት አስመጣ። ኡዴ ለጋውን ሲያይ፣

“ይሄ በማግስቱ ይጠወልጋል” አለ።

“ዛሬ ነው የምንጨርሰው። ነገ ምን አገባን?”

ቦኒፌስ ማሰር አልቻለም። ቋጠሮው እንደ ጫማ ክር ሆነበት። ካሜራው እጁ ላይ ሲጠጋ ጣቶቹ ይደናበራሉ። ደጋግመው ቀረጹት፤ ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች፣ የእኔም ነዳጅ እያለቀ ሄደ። ሰው እንዳይገባ ከዘረጋነው ገመድ ወዲያ የቆመው የመንደሩ ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው።

“ጠንቋይ ሆይ፣ ፍየል ነው እንዴ የምታስረው?” አለ አንዱ።

“ሚስቱ ናት ጫማውን የምታስርለት!” አለች ሌላዋ።

ኦቢዜ ተናደደ። “ማሰር የሚችል እጅ የለም? ፊቱን አላሳይም፤ እጁን ብቻ ነው የምፈልገው!”

ኡዴ በልማዱ ወደ ኋላ የሚል ሰው ነው። ያን ቀን ግን ወደ ፊት ወጣ። የቦኒፌስን አምባር አጠለቀ፣ እጁ ላይ ኖራ አስቀባ፣ ለጋውን አንሥቶ በጥፍሩ ከመሃል ሰነጠቀው። እንዴት እንዳሰረው መግለጽ አልችልም፤ እንዳየሁት ግን አንድም ጊዜ አላቆመም። ጣቶቹ አንድ ነገር የሚያስታውሱ ይመስል ነበር። ቅጠሉ ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ፣ ፊቱ ወደ መንገዱ፣ ጀርባው ወደ እርሻው ሆኖ ቀረ። ቦኒፌስ ከጎን ሆኖ እርግማኑን በዚያ ድምፁ አወረደው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

“ቁረጥ!” አለ ኦቢዜ። “ኦጋ ኡዴ፣ እጅህን ልስመው!”

ከገመዱ ወዲያ አንድ ወፍራም ሰው አጨበጨበ። ንዱካ ነው። ቀረብ ብሎ ኡዴን በአክብሮት ሰላም አለው።

“ጌታው፣ ይሄ የተዋናይ እጅ አይደለም” አለ። “ቋጠሮ አውቃለሁ። የማን ልጅ ነህ?”

ሰው በሥራው ሲመሰገን የሚሆነውን ሆነ ኡዴ። ደረቱ ነፋ አለ። “ከማዶ ነኝ። አባቴ በመንደራችን የሽማግሌዎቹ መልእክተኛ ነበር። ሲፈርዱ ዘንባባውን የሚያስረው እሱ ነበር። አያቴም እንዲሁ።”

“አያትህም!” አለ ንዱካ፤ ዞሮም ለቆሙት ሰዎች፣ “ሰማችሁ? ከአያት ጀምሮ ነው” አላቸው።

እኔ ገመድ እየጠቀለልኩ ስለነበር ሰማሁት። ክፉ ነገር መሆኑ ግን አልገባኝም። ኡዴም አልገባውም። በእኛ ዘንድ ሰው የአባቱን ስም ሲጠየቅ መልሶ ይኮራል እንጂ አይደብቅም።

ማታውን ዕቃ ስንጭን ኡዴ ዘንባባውን ሊፈታ ሄደ። ኦቢዜ ከመኪናው ጮኸበት።

“እንዳትነካው! አንድ ቀረጻ ከሩቅ ይቀረኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰን እንጨርሳለን። አንድ ቅጠል እንኳ ከቦታው ቢንቀሳቀስ አይገጥምም!”

“በመኪና የመጣ በመኪና ይሄዳል” አለ ኡዴ።

“ይሄ በመኪና አልመጣም፤ ከዚሁ ነው የተቆረጠው” አለ ኦቢዜ፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ለኢሲዮማም ነገራት። “እማማ፣ ሳምንት ብቻ ታገሺን።” እሷም ቦታው ተመንጥሮ ሲያብረቀርቅ እያየች ነበርና፣ “ምን ቸገረኝ፣ ዝናቡ ገና ነው” አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት አልተመለስንም። ከዚያ በኋላም አልተመለስንም። ለፊልሙ ገንዘብ የሚከፍለው ሰውዬ እጁን ሰበሰበ፣ ኦቢዜ ሌጎስ ገባ። እንዲህ ዓይነቱ በእኛ ሥራ አዲስ አይደለም። ኡዴ ሌላ ሥራ ያዘ፤ እኔም እንዲሁ።

ዝናቡ ሲጀምር ኢሲዮማ ለኡዴ ደወለች። መሣሪያ ቤቱ ውስጥ አብሬው ነበርኩ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በድምፅ ማጉያ ከፍቶት ነበር።

“ኦጋ ኡዴ፣ የቀጠርኳቸው ሰዎች በሩ ድረስ መጥተው ተመለሱ” አለች። “ሌሎች ቀጠርኩ፤ እነሱም ተመለሱ።”

“ለምን?”

“ዘንባባህ።”

“እማማ፣ የፊልም ነው እኮ! አውልቀሽ ጣይው።”

“የፊልም ነው አልኳቸው። ‘ፕላስቲክ ነበር?’ አሉኝ። አይደለም። ‘ያሰረው የማን ልጅ ነው?’ አሉኝ። እንጨቶቹን ደግሞ ብታያቸው።”

“ምን ሆኑ?”

“ለመለሙ።”

እኔ እንጨት አውቃለሁ፤ የዚያ ዓይነት የአጥር እንጨት እርጥቡን ከተከሉት ዝናብ ሲያገኘው ይለመልማል፤ ለአጥር የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። መንደርተኛውም ያውቃል። ቢሆንም በሁለት እርጥብ ግንድ መካከል የተወጠረ ዘንባባ ሲያይ ማን ስለ አጥር ያስባል?

ለኦቢዜ ደወልን። መጥቶ ለሽማግሌዎቹ እንዲናገር ለመነው ኡዴ።

“ኦጋዬ፣ ሌጎስ ነኝ፣ ቀረጻ ላይ ነኝ” አለ ኦቢዜ። “ፕላስቲክ ነው በላቸው በቃ።”

“ፕላስቲክ አይሁን ያልከኝ አንተ ነህ።”

“እና ምን ላድርግ? ፊልም ነው! የአሥራ ምናምንኛው መቶ ዘመን ሰዎች ናቸው እንዴ?” ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ በእኔ ፒካፕ ሄድን። ኡዴ በመንገድ ሙሉ ሐሳቡን ሲያዘጋጅ ነበር። የሙያ ሰው ነው፤ አንዱ ካልሰራ በሌላው። መጀመሪያ ያስረዳል፣ ካልሆነ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካልሆነ ራሱ ይፈታዋል። “ያሰረ ይፈታል። በእኛም በእነሱም ሕጉ አንድ ነው” አለኝ። ልክ ነበር። ያልገባው፣ ያሰረ የሚፈታው በማን ስም እንዳሰረ ከተናገረ በኋላ መሆኑ ነው።

ሽማግሌዎቹ አዳራሻቸው ተቀምጠው ጠበቁን። ንዱካ አስቀድሞ አቤት ብሏል። የመንደሩ አንጋፋ ሞርዲ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌ ናቸው። ከፊታቸው ኦፎ ተቀምጧል፤ ከአባት ወደ አባት የሚወርድ አጭር በትር ነው፣ እውነት የሚማልበት። ኢሲዮማ ከሴቶቹ ጋር በር አጠገብ ቆማለች።

ኡዴ አስረዳ። ጥሩ አድርጎ ነው ያስረዳው። ስለ ካሜራው፣ ስለ ቦኒፌስ፣ ስለ ቋጠሮው አንድም ሳይደብቅ ተናገረ።

“ልጄ፣ ፊልም መሆኑን እናውቃለን” አሉ ሞርዲ። “አይተናል፤ ስቀናል። ፊልም መሆኑ አልጠፋንም።”

“እንግዲያው ምኑ ነው ችግሩ አባታችን?”

“ችግሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ‘በጨዋታ የታሰረ አይይዝም’ ብንል፣ ነገ የሰው እርሻ ጥሶ የገባ ሁሉ ‘ፊልም መስሎኝ ነው’ ይላል። ይሄን ቅጠል የምናከብረው ቅጠል ስለሆነ አይደለም። ከእሱ ሌላ በሰውና በሰው መካከል የምንሰቅለው ነገር ስለሌለን ነው። ቅጠሉ እውነተኛ ነው፣ ያሰረው እጅ እውነተኛ ነው፣ ያየንህም በቀን ነው። በማን ስም አሰርክ?”

“በማንም ስም አይደለም።”

አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ፣ “በማንም ስም ሳይሆን የሚያስር ያበደ ነው” አለ።

ንዱካ ተነሣ። “አባቶቼ፣ ክስ ያለ ከሳሽ አይኖርም። ከሳሽ ከጠፋ እኔ አለሁ። መሬቱ የአባቴ ነው። ሁለት ጊዜ መልሳችሁኛል፤ አሁን ግን ዘንባባው ራሱ መጥቷል። የወንድሜን ሚስት፣ ሚስታችንን፣ አልጠላትም...”

“ሚስታችን አትበለኝ!” አለች ኢሲዮማ ከበሩ። “ወንድምህ ሲታመም አንድ ቀን ውሃ ያላቀበልክ ሰውዬ!”

“ዝም በሉ” አሉ ሞርዲ። ሽማግሌው ንዱካን እንደማይወዱት ፊታቸው ይናገር ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሕፃን መንገድ እንደሚያሻግር ሰው፣ ኡዴን እንዲህ አሉት።

“ልጄ፣ አስታውስ እስቲ። ያን ቀን እርሻው ላይ ዕቃችሁ ነበር። ሰው እንዳይገባባችሁ ትፈልጉ ነበር። የእርሻው ባለቤት ደግሞ ይህች ሴት ናት። ባለቤት የራሱን ለመጠበቅ ያሳስራል፤ የራሱንም ያስፈታል። ምናልባት በእሷ ስም አስረህ ይሆን?”

የመውጫ በር ተከፈተለት። እኔ እንኳ፣ ለመንደሩ ባዳ የሆንኩት፣ ገባኝ። ኢሲዮማም ገብቷት ወደ ፊት ወጣች።

“አዎን አባታችን! እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሰው እንዳይገባ እሰርልኝ ብዬዋለሁ።”

“ይማል!” አለ ንዱካ። “እሷ አይደለችም ያሰረችው። እሱ ኦፎውን ይዞ ይናገር።”

“ተገቢ ነው” አሉ ሞርዲ። በትሩን አንሥተው ወደ ኡዴ ዘረጉለት። “ያዝና ተናገር። ከዚያ ሄዳችሁ ትፈቱታላችሁ። ዛሬ ከሰዓት ሴትዮዋ ትተክላለች።”

ኡዴ ተነሣ። እጁን አነሣ።

እኔ የማውቀው ኡዴ የፍየል ራስ ቅል በብብቱ ይዞ ምሳ የሚበላ ሰው ነው። ስንት ጣዖት አቁሞ ስንቱን በመዶሻ እንዳፈረሰ ቆጥሮ አያውቅም። ሰው ሲፈራ ይስቃል። ያ በትር ደግሞ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ ያነሰ፣ ቀለም እንኳ ያልነካው፣ የተላጠ እንጨት ነው። እጁ ግን ከበትሩ በላይ ቆመ። አልወረደም። ጥፍሩ ሥር ኖራ ነበር፤ የሌላ ፊልም ኖራ። ሰው ሁሉ እጁን ያያል። ከዚያ እጁን መልሶ ሱሪው ላይ ጠረገው።

“እኔ ክርስቲያን ነኝ” አለ። “በዚህ አልምልም።”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

“ክርስቲያኑ!” አለ ንዱካ፣ እንባውን እየጠረገ። “ሲሠራው ክርስቲያን አልነበረም፤ ሲይዘው ክርስቲያን ሆነ!”

ሞርዲ ብቻ አልሳቁም። በትሩን ወደ ቦታው መለሱ። “ልጄ፣ ሌላ መንገድ የለኝም” አሉ። ፍርዱም ይህ ሆነ፦ መሬቱ እንደተያዘ ይቆያል፣ የንዱካ ክስ ከአዲሱ የቦዬ ምርት በዓል በኋላ ይሰማል፣ እስከዚያ ማንም አይገባም። እስከዚያ ማለት ደግሞ የመትከያው ወቅት አለፈ ማለት ነው። መሬቱ ጦም ያድራል። ንዱካ የሚፈልገውም ይኸው ነበር።

ውጭ ኢሲዮማ ፒካፑ አጠገብ ጠበቀችን። አልጮኸችም።

“ኦጋ ኡዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ውሸት ነበር?”

“ምኑ?”

“‘እሰርልኝ አለችኝ’ ብትል። ሰው አይግባብን ስትሉ አልሰማሁም? እኔስ ‘እሺ’ አላልኩም? ከዚህ የበለጠ ምን ማዘዝ አለ?”

“ሙሉ እውነት አልነበረም” አለ ኡዴ።

“ሙሉ እውነት!” አለች። “ባሌ ሲሞት ሙሉ እውነት የተናገረ አላየሁም። ልጆቼን ሙሉ እውነት አያበላልኝም። ግማሹን እንኳ ብትሰጠኝ ምን ነበረ?”

“እማማ፣ አባቴ...”

“አባትህን ያን ቀን ንዱካ ፊት በኩራት ነው ያመጣኸው። ዛሬ ብትተወው ምናለ?”

መኪናውን አስነሣሁ። ምን እላለሁ? እንድንሄድ ነበር የፈለግሁት።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሰማሁት ከዚያ መንደር ካሳቫ ከሚጭን ሾፌር ነው። ኢሲዮማ በማግስቱ ጠዋት ቆንጨራዋን ይዛ ወጣች። ሰው እያያት ዘንባባውን ከነእንጨቱ ቆርጣ መንገድ ላይ ጣለችው። ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ገባች፤ ሦስቱ ብቻቸውን ተከሉ። ሊረዳት የመጣ አልነበረም። ሊያስቆማትም የመጣ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ልከው አላስመቷትም፣ አላስያዟትም። የቆረጠችውን አዩና ዝም አሉ።

ዘንባባ ለቆረጠ ሰው ቅጣቱ ዝምታው ነው። ሰላምታ የለም። ውሃ ልትቀዳ ስትመጣ ወረፋው ይከፈትላታል፤ ሁሉም ባልዲውን አንሥቶ ይርቃል። እሳት የሚያውሳት የለም። ገበያ ላይ በርበሬዋ ፊት ሰው አይቆምም። ታላቂቱን ልጅ ሊያጭ ሽማግሌ ልኮ የነበረ ቤተሰብ ሽማግሌውን መለሰ። ታናሺቱ ወባ ይዟት ስትንቀጠቀጥ ሞተር ሳይክል የሚያከራየው ልጅ “ቤንዚን የለኝም” አላት፤ ታንኩ ሙሉ ነበር አለኝ ሾፌሩ። ኢሲዮማ ልጅቷን አዝላ እስከ ትልቁ መንገድ በእግሯ ሄደች። ልጅቷ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ግን መንደሩ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አላልንም?” የሚለውን።

ካሳቫ ብዙ ወር ይፈልጋል። ኢሲዮማ የቻለችውን ያህል ጠበቀች። ሥሩ ገና ጣት ሲያክል አንድ ጠዋት ዕቃዋን ከሌላ መንደር በመጣ መኪና ጭና ወደ ተወለደችበት ሄደች። ልጆቿ ከጭነቱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለመሰናበት የወጣ ሰው አልነበረም፤ ሞርዲ ብቻ ደጃፋቸው ላይ ቆመው መኪናው እስኪጠፋ አዩ ይባላል። ዓይናቸው ደካማ ስለሆነ ምን እንዳዩ እንጃ።

ክሱ በቀጠሮው ቀን ተሰማ። ተከሳሽ ስላልነበረ አጭር ሆነ። ንዱካ መሬቱን ወሰደ።

ካሳቫው ሲደርስ ንዱካ ራሱ አልበላውም። ዘንባባ ተሰብሮ የበቀለ ነገር ቤቱ ማስገባት አልፈለገም፤ እሱም ይፈራል። አስነቅሎ፣ አስፈጭቶ፣ በጆንያ አድርጎ አሳባ ገበያ ሸጠው። እዚህ ማን ከየት እንደመጣ ይጠይቃል? ሾፌሩ የጫነውም እሱን ነበር። ጥሩ ካሳቫ ነው አለ፤ ነጭ፣ ንጹሕ።

ይህን ለኡዴ የነገርኩት እኔ ነኝ። በሥራ ቦታ ምሳ ቀርቦልን ነበር፤ የካሳቫ ገንፎ በወጥ። ሲሰማ ጣቱን ከገንፎው አወጣና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ።

“ምነው?” አልኩት።

“ሆዴን አመመኝ።”

“ያ ካሳቫ እዚህ ሳህን ውስጥ መሆኑን በምን አወቅህ? አሳባ ስንት ካሳቫ ይገባል!”

“አላወቅሁም” አለ። “ለዚህ እኮ ነው።”

እኔ በላሁት። ተርቤ ነበር፤ ከሰዓት ረጅም ቀረጻ ነበረን። ኡዴ እጁን ታጠበ፣ መዶሻውን አነሣ፣ ወደ ኮምፔንሳቶው ሄደ። አሁን ጭቃ መሬት ላይ አቡካ የሚለው ዳይሬክተር ቢመጣ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ሥራ አንሶታል፤ ሌሎች ወጣቶች የእውነቱን ይሠሩላቸዋል፣ ተመልካቹም ይወድላቸዋል። ገንፎ የቀረበ ቀን ዳቦ ይዞ ይመጣል። በዚያ መንገድ ስናልፍ ወደ ኦግቤ ንታ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቻለሁ ይላል። አይተኛም፤ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያልፈው።